የሚያመነዥከው አልጋ

«እማ፣ እንጨት አያመነዥክም። ላም አይደለም። ክኒኑን ዋጥሽ ወይስ እንደ ትናንቱ ምላስሽ ሥር ደበቅሽው?»

ሸክሊት ይህን የሰማችው ገና ወንድሟ ቤት በር ላይ ቆማ የጫማዋን አቧራ ስታራግፍ ነው። ተናጋሪው ወንድሟ፣ መላሿ እናቷ ነበሩ። «ዋጥኩት። ዋጥኩት እንጂ መች አስተኛኝ! ሌሊቱን ሙሉ አልጋው ሲያመነዥክ ነው ያደረው። ቅርጥም፣ ቅርጥም፣ ከዚያ ጸጥ። ገላገለኝ ብዬ ጎኔን ሳሳርፍ ደግሞ ቅርጥም።» ወንድሟ ሳቀ። ቀጥሎ፣ አሮጊት ሁሉ መስማት የተሳናት ይመስል ድምፁን ትንሽ ብቻ ዝቅ አድርጎ፣ «ይኼ ነገር እየባሰባት ነው። የኋላውን ክፍል ጥረጊላትና እዚያ ትሁን፤ እንግዳ ፊት እንዲህ ስትል ያሳፍራል» አላት ለሚስቱ። ሚስቱ ነገር ሲከብዳት የደረቀ ብርጭቆ መልሳ የምታደርቅ ሴት ናት፤ የጨርቁና የብርጭቆው ሲጥታ እስከ በሩ ድረስ ይሰማ ነበር።

ሸክሊት ስሟ አይደለም፤ ሰፈሩ ያወጣላት ነው፤ በጓሮዋ ከአምስት ሴቶች ጋር ጭቃ እያቦካች ማሰሮና የአበባ ማስቀመጫ ስለምትሠራ። እጇ ክርኗ ድረስ መልኩ ከሌላው ገላዋ ይለያል፤ የሌላ ሰው ጓንት ያጠለቀች ነው የምትመስለው። ያን ቀን ማልዳ የመጣችው ያለ ነገር አልነበረም። ባሕር ማዶ ያለ አንድ ነጋዴ ሥራዋን በስልክ ፎቶ አይቶ ወዶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሙሉ ጭነት አዞ ነበር። ይህ ካማረለት በየወቅቱ ሊወስድ፣ ካላማረለት ግን ደህና ሁኚ ሊላት። መኪናው ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ መርከቡ ማንንም አይጠብቅም። አምስቱ ሴቶች ከወዲሁ አንዷ ጣሪያ ልትለውጥ፣ አንዷ ልጇን ልትድር፣ አንዷ ደግሞ ባሏን ልትፈታ ተዘጋጅተዋል፤ ሁሉም በዚሁ ጭነት።

ሸክላ እንግዲህ በጆንያ ታስሮ ባሕር አይሻገርም፤ የእንጨት ሳጥን ይፈልጋል። እንጨቱ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። ቅርፊቱ ይላጣል፤ ከዚያ ማሞቂያ ክፍል ገብቶ እምብርቱ ድረስ ሃምሳ ስድስት ዲግሪ እስኪደርስ ይጋላል፤ እዚያው ላይ ግማሽ ሰዓት ይቆያል፤ ውስጡ ያለ ነፍስ ሁሉ ይሞታል። ያኔ ብቻ የስንዴ ዛላ የመሰለች ምልክት ያለባት ማህተም ታርፍበታለች። ምልክቷ ከሌለች፣ ወይም ምልክቷ ኖራ አንድ ትል በሕይወት ከተገኘ፣ ጭነቱ ወደቡ ላይ ይቃጠላል፤ ካልተቃጠለም በላኪው ኪሳራ ይመለሳል። ነጋዴው ይህን ደጋግሞ ስለነገራት ሸክሊት በቃሏ ይዛዋለች። ማህተሟን የያዘው ደግሞ ሩቅ ሰው አይደለም፤ ሳጥን የሚሠራበት እንጨት ቤት ያለው የገዛ ታናሽ ወንድሟ ነው። የማተም ፈቃዱን ካገኘ ወዲህ ሰፈሩ ባለማህተም ይለዋል። ማህተሟን በመሐረብ ጠቅልሎ የኮቱ ኪስ ውስጥ ይዟት ይዞራል፤ ልቅሶ ቤት ሳይቀር። ኮቱ በዚያ በኩል ከደረቱ በታች ሐምራዊ ሆኖ ቀርቷል፤ ላየው ሰው በቀለም የቆሰለ ይመስላል።

ስትገባ እናቷ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ መጋረጃው ታጥቧል፣ ወለሉ ተወልውሏል፣ ትራሱ ላይ ግን ዱቄት የመሰለ ብናኝ ተነስንሷል። እናቷ ሻሻቸው ላይም አለ፤ ጆሯቸው ጥግ ላይም። ሸክሊት እናቷን ደግፋ ፀሐይ እንዲሞቁ ግቢ አስቀመጠቻቸውና ተመልሳ ራሷ አልጋው ላይ ጋደም አለች። መጀመሪያ የራሷን ትንፋሽ ብቻ ሰማች። ከዚያ፣ ከጆሮዋ በታች፣ በጣም ቅርብ፣ የሆነ ነገር ቀስ እያለ ጥሬ እንደሚቆረጥም ሰው፤ ቅርጥም። ተነሥታ ፍራሹን ገለበጠችው። ርብራቡ እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። ከአንዱ ቀዳዳ አፍ ላይ የትንሽ ጣት ራስ የሚያክል፣ ወዝ ያለው፣ የቆየ ወተት መልክ የያዘ ትል ቡናማ መንጋጋውን እያንቀሳቀሰ ብቅ ብሎ ነበር፤ ብርሃኑ ሲመታው ዳሌውን እያወዛወዘ ወደ ኋላው ተመለሰ። የሸክሊት አፍ ምራቅ ሞላ። እናቷ በዚህ ላይ ነው የሚተኙት። የዚህን ቀለብ ትርፍራፊ ነው በአፍንጫቸው ሲስቡ የሚያድሩት። እሷም እኮ አሁን ጉንጯን አስደግፋው ነበር! ጉንጯን በክንዷ ጠረገችው፤ ደግማ ጠረገችው። ከዚያ በርብራቡ ጎን፣ ልክ ከቀዳዳው በላይ፣ የስንዴ ዛላዋን አየቻት፤ ሐምራዊ፣ ጥርት ያለች፣ በደንብ የታተመች።

ወንድሟ በጥሪዋ መጥቶ ቁልቁል አየና «ውይ እታለም» አላት፤ «እንጨት እኮ ነው። እንግዳ ያስተናግዳል።»

«ይኼ ማህተም ያንተ አይደለም?»

«የኔ ነው። አልጋውን ከሥራ ከተረፈ ጣውላ ነው የሠራሁላት። ያኔ ማሞቂያው አመል ነበረበት።»

«የኔ ሳጥኖችስ?»

«ያንቺማ እንደ ዳቦ ነው የተጋገረው!» አለና ሳቀ። ወዲያው ደግሞ ፊቱን ወደ ቁም ነገር መለሰ። «አሁኑኑ አነሣዋለሁ። ለእማ ግን እንዳትነግሪያት። ትል ላይ ስተኛ ኖርኩ ብላ ሁለተኛ ዓይኗን አትከድንም። እግሩ ሊጠገን ነው እንበላት።»

ሸክሊት አመነችው። ሰው ወንድሙን የሚያምነው ሁልጊዜ የሚታመን ሆኖ አይደለም፤ የጭነት መኪና ሊመጣበት ሲልም ያምናል። ከወር በላይ በወንድሟ እንጨት ቤት በር ስታልፍ ከማሞቂያው ጭስ ማውጫ አንድም ቀን ጭስ ሲወጣ አለማየቷ ሽው ብሎባት ነበር፤ ሽው እንዳለ አሳለፈችው። ባለማህተም ደግሞ መቼም ለሥራ ሰነፍ አይደለም፤ ኮቱን አውልቆ አልጋውን አፍታታው፤ ጣውላ ጣውላውን ጋሪ ላይ ጫነው። እናቱ ከተቀመጡበት ሆነው «አንተ ልጅ፣ የመነጽሬን ከረጢት እንዳትወስድብኝ!» አሉ። ከረጢቷ ርብራቡ ጫፍ ላይ እሳቸው ራሳቸው በጫማቸው ተረከዝ መትተው ባስገቧት ጎባጣ ምስማር ላይ ነበር የምትንጠለጠለው። ምስማሯ ሻሻቸውን እንዳትይዝባቸው በቀይ ክር ጠምጥመዋታል። ከረጢቷን አውርዶ ሰጣቸው። ጋሪው እየተንቋቋ ሲወጣ ሚስቱ መጥረጊያ ይዛ ገባችና አልጋው የነበረበትን ቦታ ጠረገች፤ ብናኙ አካፋውን ሞላው። ቀና ብላ ሸክሊትን አየቻት፤ ሸክሊትም አየቻት፤ ሚስቱ አካፋውን ልትደፋ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ሸክሊት እንጨት ቤቱ ስትደርስ መኪናው ገና አልመጣም፤ ወንድሟም ከጀርባ በኩል የመጨረሻውን ሳጥን እየቸነከረ ነው መሰል የመዶሻው ድምፅ ብቻ ይሰማል። የተቀሩት ሳጥኖች ሸክላቸውን በሆዳቸው ይዘው፣ ተቸንክረው፣ በየጎናቸው የስንዴ ዛላ ለጥፈው ግድግዳ ሥር ተደርድረዋል። ያን ጊዜ ማሞቂያ ክፍሉን ልየው አለች። ለምን እንደሆነ እሷም አታውቅም፤ ምናልባት ጠዋት አልጋው ላይ ያስደገፈችው ጉንጯ ገና ስለሚበላት ይሆናል። ክፍሉ ግቢው ጥግ ላይ ነው፤ መስኮት የለውም፤ በሩ ወፍራም ብረት ሆኖ ዙሪያው ጎማ ተለብጧል። እጀታውን ስትስበው ከውስጥ ተቀርቅሯል። ማሞቂያ ከውስጥ ሲቀረቀር አይታ አታውቅምና ግራ ገብቷት አንኳኳች።

«ማነው?» አለ ማሞቂያው።

በሩ ሲከፈት ኮፍያ ያጠለቀና ብርድ ልብስ የተከናነበ ሽማግሌ ብቅ አለ፤ የመንገዱ ማዶ መጋዘን ዘበኛ ነው። ከኋላው አልጋ፣ የውሃ ጀሪካን፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የዓምና ቀን መቁጠሪያ ይታያል። እንፋሎት ሊያስተላልፉ የተዘረጉት ቧንቧዎች ላይ ካልሲና የውስጥ ሱሪ ተሰጥቷል። የሙቀት መለኪያው መርፌ ዜሮ ላይ ተጋድሟል፤ ሰውየው የመለኪያውን መስተዋት ፊቱን ሲላጭ ሲያይበት የኖረ ይመስላል፤ አረፋ ደርቆበታል።

«ግቢ እመቤቴ፣ ብርዱ እንዳይገባ» አላት። «አንቺ የባለማህተም እህት አይደለሽም? ኧረ ንገሪልኝ በናትሽ። ማሞቂያ ክፍል ነው ብሎ ኪራይ ጨምሮብኝ ገባሁ፤ ይኸው ክረምቱን ሙሉ አጥንቴ ድረስ በረደኝ። ሙቀት የሚባል ነገር አላየሁም።»

«ክረምቱን ሙሉ?»

«ክረምቱን ሙሉ። እንጨት ሊያሞቅ ነው ቢሉኝማ እኔም ከእንጨቱ ጋር እተኛ ነበር።»

ክፍሉ የካልሲና የጋዝ ምድጃ ሽታ አለው። እንደ ዳቦ የተጋገረው እንግዲህ ይኸው ነው! ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ሲያንባርቅ ሰውየውን እንኳ ሳትሰናበት ወጣች። ሾፌሩ ደርሷል፤ የኋላውን በር ከፍቶ «ቶሎ በሉ እንጂ፣ ወደቡ የአባቴ ቤት አይደለም» እያለ ነው። ባለማህተም ላብ በላብ ሆኖ የመጨረሻውን ሳጥን ሲገፋ መጣ፤ ማህተሟን ከኪሱ አውጥቶ በትንፋሹ አረጠባትና ጎኑ ላይ ዷ አደረጋት። ሳጥኑ እግር እንዲኖረው ከሥሩ ወፈር ያሉ ጣውላዎች ተመትተውበታል። ሸክሊት ጎንበስ ብላ ስታይ ከጣውላዎቹ አንዱ ተበሳስቷል። ጫፉ ላይ አንዲት ጎባጣ ምስማር ቆማለች፤ ቀይ ክር የተጠመጠመባት።

ቶሎ ቀና አላለችም። ክሩን በጣቷ ነካችው። እናቷ ምላሳቸው ላይ አርጥበው ሲጠመጥሙት ታዩዋት።

«ይኼ የእማ አልጋ ነው» አለች በመጨረሻ።

«ነበር» አለ ወንድሟ።

«ጠዋት ትሉን አብረን አላየነውም?»

«ጣውላ አጠረኝ እታለም፤ መኪና መጣብኝ! ደግሞ ምን አጠፋሁ? ማህተም ያለበት ጣውላ እኮ ነው። የታተመ እንጨት ይጣላል እንዴ?» የምሩን ነው፤ ዓይኑ ውስጥ ያለው ቅሬታ እንጂ ሀፍረት አልነበረም። ቁጠባውን እንደ ጥፋት የቆጠሩበት ሰው ነው የሚመስለው። «ማንም አያየውም። ቢያዩትስ? ትሉ እንደሆነ ጉዞውን አይችልም፤ ባሕር ያመዋል።» በቀልዱ ራሱ ሳቀ። ሾፌሩም ሳቀ። «ሁሉም እንዲሁ ነው የሚልከው እመቤቴ» አላት ሾፌሩ፤ «እኔ የምጭነው ማህተሙን ነው። ልጫን ወይስ ልሂድ?»

ሁለቱ ሰዎች ጥርሳቸውን ከፍተው ሲያዩዋት፣ ዘበኛውም ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ ከማሞቂያው በር ላይ አንገቱን ሲያወጣ፣ ሸክሊትን ከሁሉም በላይ ያስጠላት ነገሩ ማንንም አለማስጠላቱ ነበር። ትሉስ የተፈጠረለትን ነው የሚሠራው። መዶሻውን ከወንድሟ ቀበቶ ላይ መንጥቃ በምስማር መንቀያው በኩል ከግድግዳው ሥር የቆመውን አንዱን ሳጥን ክዳን አነሣችው። ምስማሮቹ እየጮሁ ወጡ። ሸክላዎቹ በገለባ መሐል እንደተኙ ናቸው፤ አንዷን አንሥታ አፏን ወደ መዳፏ ደፋቻት። የማሰሮዋ ጉሮሮ ያንኑ ዱቄት ተፋ። ከዱቄቱ መሐል አንድ ነጭ ነገር መዳፏ ላይ ተገለበጠ፤ ተንቀሳቀሰ። ሸክሊት እጇን አራግፋ ግድግዳውን ተደግፋ ተፋች፤ ደጋግማ ተፋች።

«ሂድ» አለችው ሾፌሩን አፏን እየጠረገች። «ባዶህን ሂድ።»

«እታለም አብደሻል? መርከቡ እኮ ያመልጥሻል! ሴቶቹን ምን ልትያቸው ነው?»

«እሱን ለኔ ተወው። አንተ ለእማ የምትላትን አስብ።»

መኪናው አቧራውን አልብሷቸው ሄደ። እዚያው ቆማ ለነጋዴው ደወለች፤ ሳጥኑ ትል እንዳለበት፣ ሌላ እስክታሠራ መርከቡ እንደሚያመልጣት፣ ሳትሸፋፍን ነገረችው። ሰውየው ስለነገረችው አመሰገናት፤ አዲሱ ሳጥን ሲደርስ ቦታ ካለው እንደሚያያት፣ ቃል ግን እንደማይሰጣት ነገራት። አምስቱ ሴቶች ስትጠራቸው ጋሪ ይዘው መጡ። አልተሳደቡም፤ ቢሳደቡ ይሻላት ነበር። ሸክላዎቹን እያራገፉ፣ አፍ አፋቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ጫኑ። ጣሪያ ልትለውጥ የነበረችው ሴት ብቻ «ዘንድሮም ባልዲ መደርደራችን ነዋ» አለች፤ ባሏን ልትፈታ የነበረችው ደግሞ «እኔም እንግዲህ እንደ ትሉ ያው እዚያው ቤቴ ነኝ» አለችና አሳቀቻቸው። ሸክሊት ሳትስቅ ቀይ ክር የተጠመጠመባት ምስማር ያለችበትን ጣውላ ከሳጥኑ እግር ነቅላ በማዳበሪያ ጆንያ ጠቀለለችው።

አመሻሹ ላይ ወንድሟ ቤት ስትገባ እናቷ ሳሎን ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ አዲስ አንሶላ ለብሰው፣ ፊታቸው ፈክቶ ተቀምጠዋል። ባለማህተም ወንበሩ ላይ ነው፤ ሚስቱ ጓዳው በር ላይ ቆማ ብርጭቆዋን ታደርቃለች። ሸክሊት ጆንያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ተቀመጠች። ማንም ምን እንደሆነ አልጠየቃትም። በዚህ ቤት ነገር በቃል መጠየቅ እንደ ስድብ የሚቆጠርበት ሰዓት አለ።

«ነይ ልጄ፣ ወንድምሽን አመስግኝልኝ» አሉ እናቷ። «መድኃኒቱ ሠራልኝ። ከቀትር ጀምሮ ጋደም ብዬ እንቅልፌን ጠገብኩ፤ አንድም ድምፅ የለ። ለካ እውነትም ጆሮዬ ኖሯል በሽተኛው። እግዜር ይባርክህ የኔ ልጅ።»

ሸክሊት ወንድሟን አየችው። ጠበቀችው። ሰው ቢያንስ እዚህ ጋ ያፍራል ብላ ነበር። እሱ ግን እግሩን አነባብሮ፣ ሐምራዊ ኪሱን በመዳፉ እየደባበሰ፣ «አላልኩሽም እማ?» አለ። «ሐኪም የሚያውቀው ነገር አለው። አንቺ ብቻ ክኒንሽን እንዳታቋርጪ።»

ሸክሊት ጆንያውን ገለጠችው። ጣውላው በርቶ በነበረው አምፖል ሥር ራቁቱን ተጋደመ፤ ማህተሙ በአንድ በኩል፣ ቀዩ ክር በሌላው። አሮጊቷ መነጽራቸውን ከከረጢቷ አውጥተው አደረጉና ምስማሯን አወቋት። ሳሎኑ ጸጥ አለ። የብርጭቆው ሲጥታ ቆመ። በዚያ ጸጥታ መሐል፣ ከጣውላው ሆድ ውስጥ፣ ቀስ ብሎ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፤ ቅርጥም። ቅርጥም።

«ይኸው» አሉ እናት በሹክሹክታ። «ትሰማለህ?»

«ምኑን?» አለ ባለማህተም።

ቅርጥም።

«እሱን።»

«ኧረ እኔ ምንም አይሰማኝም።»

«እኔ ይሰማኛል» አለች ሚስቱ። ሁሉም ዞረው አዩዋት፤ ድምፅ ያላት መሆኑን የረሱ ይመስል። «ይሰማኝ ነበር። ብናኙንም በየጠዋቱ የምጠርገው እኔ ነኝ።» ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ፣ ጣውላው አጠገብ አስቀመጠችው። ባዶ ነበር።

እናት ሸክሊትን አዩ፤ ሸክሊት ራሷን ነቀነቀችላቸው፤ እሷም እንደምትሰማ። አሮጊቷ አልተቆጡም። እጃቸውን ትራሳቸው ሥር ሰደው የክኒኑን ብልቃጥ አወጡ፤ ክዳኑን ከፍተው አንዲት ነጭ ፍሬ መዳፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ልጃቸው ዘረጉ።

«ሁላችን እየሰማን አንተ ብቻ ካልሰማህማ» አሉት ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «ታማሚው አንተ ነህ። እንካ የኔ ልጅ፣ ዋጣት።»

ባለማህተም ለመሳቅ አፉን ከፈተ፤ ግን የሚስቅለት ሰው አጣ። እናቱ እጃቸውን አላጠፉም። ክኒኗን ተቀበላቸው፤ አያት፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ባዶ ብርጭቆ አየ፤ ሚስቱን አየ፤ እህቱን አየ።

ማንም ውሃ አላቀበለውም።